አባባ የሰሙት ኮቴ

«አባባ፣ ለእርስዎ ነጠላ ጫማ ምንድን ነው?» አለች ሚጣ፣ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ።

የአማርኛ መምህሯ «አንድ የቤት ዕቃ ምረጡና ለእያንዳንዱ የቤተሰባችሁ ሰው ትርጉሙ ምን እንደሆነ ጠይቁ» ብለዋል። ልብስ ሰፊዋ እናቷ «እንዳንቺ ዓይነቷን ቅብጥብጥ የምመታበት!» ብላ ስቃለች። ወንድሟ በረኛው ግን «ሂጂ ወደዛ፣ ሥራ ይዣለሁ» አላት።

በረኛው የተባለው የሰፈሩ ቡድን ግብ ጠባቂ ስለሆነ ነው። ረቡዕ ዕለት የደንበኛ ቀሚስ በካውያ ተቃጥሎ ሲገኝ፣ ከሰዓት ማሊያውን የተኮሰው እሱ ነበርና «ሳልነቅለው ረስቼው ነው» አለ። ምስኪን፣ ከልቡ አመነ! እናቱን ለማገዝም የነገውን የዋንጫ ጨዋታ ተወው። ከሱ በኋላ ካውያውን የሰካችው ማን እንደሆነች የምታውቀው ሚጣ ብቻ ነበረች። ለሷ እንደዚያ ነበር የመሰላት።

አያቷ አባባ ዓይናቸው ከደከመ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።

«ለኔማ ዓይኔ ነው» አሉ። «እናትሽ ፈጠን ፈጠን ትላለች። ወንድምሽ እየጎተተ ነው የሚሄደው፣ ወለል የሚጠርግ ነው የሚመስለው። አንቺ ደግሞ ጠብ ጠብ ጠብ።»

ሚጣ እየሳቀች ጻፈች።

«ረቡዕ ለታ» አሉ አባባ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «ወንድምሽ እየጎተተ ከወጣ በኋላ፣ ጠብ ጠብ ብሎ የሚገባ ሰማሁ። ከዚያ የሚቃጠል ጨርቅ ሽታ መጣ። ከዚያ ሩጫ።»

ሚጣ ክው አለች። እስክሪብቶው ከእጇ አመለጠ። ሦስት ቀን ሙሉ! ሦስት ቀን ሙሉ ጉንጯን እየሳሙ ሲመርቋት ያውቁ ነበር ማለት ነው?

«ለ... ለእማዬ ነገሯት?»

«አልነገርኩም። ዛሬ ትናገራለች፣ ነገ ትናገራለች ስል ከረምኩ። ልጁ ግን ትናንት ጓንቱን ለሌላ ልጅ ሰጥቶ ተመለሰና፣ ሲያለቅስ ሰማሁት።»

በረኛው አለቀሰ? እጁ ተሰብሮ እንኳ «ምንም አልሆንኩም» ያለው ልጅ? ሚጣ በራሷ አፈረች፣ እንደዚያ አፍራ አታውቅም።

ተነስታ ወደ ስፌት ክፍሉ ሄደች። በረኛው ወለሉ ላይ ተቀምጦ የተቃጠለውን ቀሚስ ይተረትራል። ጣቶቹ ተበሳስተዋል። ቀና ብሎ አያት።

«ቀስ ብለሽ እርገጪ፤ መርፌ ጥያለሁ፣ እንዳይወጋሽ» አላት።

ይሄ ባሰባት። ፊት ለፊቱ ቁጭ አለችና መቀሱን ከእጁ ወሰደች።

«ነገ ትጫወታለህ» አለችው። «እማዬን ጥራት።»