ዘጠኝ ያለው ሽቦ

በሺህ ዘጠኝ መቶ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በነሐሴ መግቢያ፣ ሁለቱ ጎረቤት መንግሥታት ሆድና ጀርባ ሆነው ነበር፤ ድልድዩ በወታደር ተዘጋ፤ የገበያው መንገድ ሣር በቀለበት፤ ወንዙ ብቻ ማንንም ሳያስፈቅድ ከላይኛው አገር ወደ ታችኛው ይሻገር ነበር። ዝናቡም በዚያ ዓመት አመሉ ከፋ። ቀንም ሌትም ይወርዳል፤ ቢያባራም ሰማዩ አይጠራም፤ ውሃው ከቀን ወደ ቀን እየጠቆረ፣ ከነሥራቸው የተነቀሉ ዛፎችን እየጎተተ ያልፋል።

በላይኛው አገር፣ ከወንዙ አፋፍ ላይ በቆመችው ባለአንድ ክፍል የቴሌግራፍ ቤት፣ የወንዝ ሹሙ ከመስኮቱ አይለዩም ነበር። ሹሙ በሥራቸው የሚኮሩ፣ ለቀልድም ለቁጣም የማይቸኩሉ ሰው ሲሆኑ፣ ሰላም በነበረ ጊዜ አንዲት ልጃቸውን ለታችኛው አገር የወንዝ ሹም ልጅ ድረው ነበር። ልጅቱ የምትኖረው ከወንዙ ዳር፣ ቆዳ ፋቂዎችና ቀለም ነካሪዎች በሚሠሩበት ዝቅተኛ ሰፈር ነው፤ ጎርፍ ቢመጣ አስቀድሞ የሚያገኘው ያንን ሰፈር ነው። ድልድዩ ከተዘጋ ወዲህ ድምፅዋን አልሰሙም፤ የቀራቸው ሽቦው ብቻ ነበር።

የሽቦው ሥራ እንዲህ ነው። በላይኛው አገር፣ ከወንዙ መካከል፣ አሥር እርከን የተቀረጸበት የድንጋይ ዓምድ ቆሟል፤ ውሃው የት እንደ ደረሰ በየማለዳው ታይቶ ቁጥሩ ወደ ታች ይላካል፤ ታችኞቹም ጎርፉ ሳይደርስባቸው ልጆቻቸውንና ከብታቸውን ወደ ኮረብታው ያወጣሉ። ጣጣው አቆጣጠሩ ላይ ነው። ላይኞቹ የሚቆጥሩት የሰጠመውን እርከን ነው፤ ታችኞቹ ደግሞ ከአባቶቻቸው ጀምሮ ሳይሰጥም የቀረውን ይቆጥራሉ። ዘጠኝ ለአንዱ ጥፋት ነው፤ ለሌላው ጤና። ስለዚህ የላይኛው ሹም ሁልጊዜ ሒሳቡን ገልብጠው በታችኞቹ አቆጣጠር ይልኩ ነበር፤ ይህን ማንም አላዘዛቸውም፤ የጉርብትና ወግ ነበር።

ጠቡ ሲጠና አገረ ገዢው ሽቦው እንዲቆረጥ አሰቡ። ሹሙ ይህን ሰምተው ደጅ ጠኑ፤ ብዙ ካስጠበቋቸው በኋላ ገዢው አስገቧቸው።

«ክቡር ሆይ» አሉ ሹሙ፣ «ውሃ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ልጄም እዚያው ናት፤ አልደብቅዎትም።»

ገዢው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ይቀል ነበር። ሽቦው ይቆይ አሉ፤ ነገር ግን ከቁጥር በቀር አንድም ቃል እንዳይላክ፣ ቁጥሩም በራሳችን አቆጣጠር ይሁን ሲሉ አዘዙ።

«የገዛ ወንዛችንን በባዕድ አቆጣጠር የምንቆጥረው ስለ ምንድን ነው? ከፈለጉ እነሱ ይገልብጡት።»

«መለወጡን እንኳ ብንነግራቸው፣ ክቡር ሆይ…»

«ዝም አይነቅዝም» አሉ ገዢው፤ ፊታቸውንም ወደ ሌላው ባለጉዳይ አዞሩ።

ሹሙ እጅ ነሥተው ወጡ፤ የለመኑትን ያገኙ መስሏቸው ደስ ብሏቸው ነበር። በታችኛው ሽቦ ቤት ያሉት የልጃቸው አማት ናቸው፤ ሁለቱንም አቆጣጠር አብጠርጥረው ስለሚያውቁ ነገሩ ወዲያው ይገባቸዋል ብለው ተማመኑ። የታችኛው መንግሥትም እንደ ላይኛው ተጠራጣሪ መሆኑን አላሰቡትም። አማትየው «ከጠላት ጋር ተጋብቷል» ተብለው ከሹመታቸው ተነሥተው ወደ ሩቅ ከተማ ከተወሰዱ ሰንብተዋል፤ በቦታቸው የተተካው ወጣት ሹም ትሑትና ታታሪ ሰው ነው፤ ስለ ላይኞቹ አቆጣጠር ግን ከቶ ሰምቶ አያውቅም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ስሕተቱን ሸሸጉት። ውሃው ከዓምዱ ወገብ ላይ ቆሞ ነበርና አምስት ሰጠመ ቢባልም አምስት ቀረ ቢባልም ቁጥሩ ያው ነው። ሹሙም ነገሩ ሰመረ ብለው እፎይ አሉ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው ለካ ለዚህ ኖሯል።

ከዚያም ሌሊቱን ሙሉ ዶፍ ሲወርድ አድሮ፣ ማለዳ ቢያዩ ውሃው ዘጠነኛውን እርከን ውጦ አገኙት። ቴሌግራፈኛውን ዘጠኝ ብለህ ላክ አሉት፤ ላከ። ልጃቸው ዕቃዋን ጠቅልላ ወደ ኮረብታው ስትወጣ ታየቻቸው። ብዙም ሳይቆይ መሣሪያው መንጣጣት ጀመረ፤ ቴሌግራፈኛው የሚመጣውን ቃል ጽፎ ወደ ሹሙ ዞረ።

«ምን ይላል?» አሉት።

«ጌታዬ፣ ‹ስለ መልካሙ ዜና እናመሰግናለን፤ ሠግተው ወደ ኮረብታው የወጡትንም ሰዎች ወደየቤታቸው መልሰናል› ይላል።»

ሹሙ ወዲያው ቴሌግራፈኛውን ከወንበሩ አስነሡት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አንተ አላየህም አሉት፤ ትእዛዙን ጥሰው በገዛ እጃቸው «አንድ ቀረ፤ ሽሹ» ብለው ላኩ። ከወዲያ በኩል የመጣው መልስ ጥያቄ ነበር፤ ማለዳ ዘጠኝ ያለው ማን ነው፣ አሁን አንድ የሚለውስ ማን ነው፣ የትኛውን እንመን ይላል። አንድ ብለው መለሱ፤ ደግመውም አንድ አሉ። በሦስተኛው ላይ ሽቦው ሞተ፤ ምሰሶዎቹን ውሃው ወስዷቸዋል።

ወጣቱ ሹም እየተጠራጠረም ቢሆን ደወል አስደወለ። ሰፈሩ ግን ለሁለት ተከፈለ፤ ሁለተኛውን ቁጥር ያመነ ወጣ፤ የመጀመሪያውን ያመነ ቀረ። የቀሩትን ጎርፉ ከነቤታቸው ጠረጋቸው።

የወንዝ ሹሙ ትእዛዝ በመጣሳቸው ተሻሩ። መንግሥታቱ ታርቀው ድልድዩ ሲከፈት አስቀድመው የተሻገሩት አማትየው ነበሩ፤ ሹሙ ከበራፋቸው ላይ ቆመው ተቀበሏቸው።

«ልጃችን አልወጣችም» አሉ አማትየው። «ባሏ ለምኗት ነበር። ‹የማለዳው ቁጥር የአባቴ ነው፤ አባቴ እኔ እዚህ እያለሁ አይዋሽም። የአሁኑ የጠላት ወሬ ነው፤ ቤታችንን አስለቅቀው ሊገቡብን ነው› አለችው። ጎረቤቶቿንም አይዟችሁ ብላ ያስቀረቻቸው እሷ ናት። ልጄ እኔ ቤት ሄዶ እናቱን አውጥቶ ሲመለስ ሰፈሩ የለም።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቃቅፈው አለቀሱ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንግሥታቱ ውል ተፈራርመው ወንዙን በአንድ አቆጣጠር መቁጠር ጀመሩ፤ ለዚህም በሁለቱም ወገን ሹማምንት ተሸለሙ። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች አገረ ገዢውን «በጠብ ጊዜ እንኳ የውሃን ወሬ ከጎረቤት ያልከለከሉ» ሲሉ ያመሰግኗቸዋል፤ ይህም ሐሰት አይደለም። በጎርፉ ያለቁትን ደግሞ ማስጠንቀቂያ ተነግሯቸው ያልሰሙ ይሏቸዋል። ልጅቱ ግን ሰምታ ነበር፤ ያጠፋትም አባቷን ማመኗ ነው።