በአስራ አንድ ሲካፈል የሚተርፈው

መርማሪዋ ቢሮው ስትገባ፣ የሒሳብ መምህሩ ሰሌዳው ሥር በደረቱ ተደፍቶ፣ ጠመኔ በጣቶቹ መሃል እንደያዘ አገኘችው። ማጅራቱን የመታው ከባድ ድንጋይ አጠገቡ ወድቋል። ሐኪሙ አገላብጦ አየውና «ከረፋዱ ወዲህ ነው የሞተው፤ ከዚህ በላይ አጥብቤ መናገር አልችልም» አላት።

ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ቁጥር ነበር።

በሰባት፦ 1፣ 3፣ 2፣ −1፣ −3፣ −2
በአስራ አንድ፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 5፣ 10፣ 9፣ 7፣ 3፣ 6

ዘበኛው ምሎ ተገዝቶ እንደተናገረው፣ ያን ቀን ቢሮው የገቡት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ተማሪው የነበረች ወጣት በጠዋት ብቅ ብላ ወጣች። ባልደረባው ረፋዱ ላይ ገብቶ ከምሳ በፊት ሄደ። የሟቹ ሚስት ከምሳ በኋላ መጣች፤ ወዲያውም ጩኸቷ እስከ ግቢው በር ተሰማ።

«ቀንቻለሁ፣ አልክድም» አለች ሚስቱ፣ ዓይኗ በርበሬ መስሎ። «የዚያች ልጅ ስም ከአፉ አይጠፋም ነበር። ልጣላው መጣሁ፤ ተደፍቶ አገኘሁት።»

ባልደረባው ግን ረጋ ያለ ነበር። «በሰላም ነው የተሰናበትነው። ስወጣ የሰባቱ መስመር ብቻ ነበር፤ የአስራ አንዱን ከሄድኩ በኋላ ነው የጻፈው። ከእኔ በኋላ ማን እንደገባ ደግሞ ታውቃላችሁ።»

«ሟቹ ትልቁን የሒሳብ ሽልማት ለብቻው ተሸለመ አሉ?» አለችው መርማሪዋ።

«አብረን የጀመርነው ሥራ ነበር። ቢሆንም ደስ ብሎኛል» አለ። ደስታው ከጥርሱ አላለፈም።

መርማሪዋ ተማሪዋን ወደ ሰሌዳው አቀረበቻት። «እስኪ እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ።»

«ከአንድ ይነሱና በሦስት እያባዙ ይሄዳሉ። ውጤቱ ከሰባት ሲበልጥ በሰባት አካፍለው የተረፈውን ብቻ ይይዛሉ። ሦስት በሦስት ዘጠኝ፤ ትርፉ ሁለት።»

«ሁለት በሦስት ስድስት ነዋ! እዚህ ግን ኔጋቲቭ አንድ ይላል።»

«ስድስት ሰባት ለመሙላት አንድ ይጎድለዋል። መምህሬ ትርፉ ከግማሽ ካለፈ የሚጎድለውን በኔጋቲቭ ነበር የሚጽፉት። ያኔ ሁለተኛው አጋማሽ ምልክቱ ብቻ የተገለበጠ የመጀመሪያው ድጋሚ ሆኖ ይወጣል። የተሸለሙትም በዚሁ ነው።»

«የአስራ አንዱስ?»

«እሱ ከአንድ ተነስቶ በሁለት እየተባዛ ነው።»

መርማሪዋ ጣቷን በሁለተኛው መስመር ላይ ቀስ አድርጋ ነዳች። ከዚያ ሁሉንም እዚያው ሰበሰበቻቸው።

«ይህን የአስራ አንድ መስመር ሟቹ አልጻፈውም» አለች። «ስምንት አስራ አንድ ለመሙላት ሦስት ይጎድለዋል፤ እሱ ቢሆን ኔጋቲቭ ሦስት ባለ ነበር። አስር ላይ ኔጋቲቭ አንድ። እዚህ አንድም ኔጋቲቭ የለም።»

«ታዲያ ማን ጻፈው?» አለች ሚስቱ።

«እርስዎ አይደሉም። ባልዎ ከምሳ በፊት አልሞተም የሚያሰኝ መስመር የሚያስከስሰው እርስዎን ነው። ተማሪዋም አይደለችም፤ እሷ ከወጣች በኋላ በሕይወት እንደነበረ ባልደረባው ራሳቸው መስክረዋል።» ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። «የጠቀመው እርስዎን ብቻ ነው። ገደሉት፣ መስመሩን ጻፉ፣ ጠመኔውን አስጨበጡት። የእጅ ጽሑፉን አሳምረው አስመስለዋል፤ ስሌቱም ልክ ነው። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም፤ የሱን አጻጻፍ እያወቁ ለምን እንደሱ አልጻፉትም?»

ባልደረባው ሰሌዳውን አየ። ፊቱ ደም ለበሰ።

«እኔ እንደዚያ አልጽፍም!» ብሎ ጮኸ። «ስሌቱ የእኔ ነበር! እሱ ምልክት ቀያይሮ አሳመረው፣ ዓለም አጨበጨበለት። ዛሬም ‹አንተ እኮ ቁጥር ቆጣሪ ብቻ ነህ› ብሎ ሳቀብኝ። ሞቶም የሱን አጻጻፍ ልጻፍለት?»

ከዚያ በኋላ ማንም የጠየቀው የለም። ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ራሱን ቀና እንዳደረገ ነበር።

ተማሪዋ ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች። ሚስቱ ተጠጋቻትና ፊት ለፊቷ ቆመች።

«ዛሬ ከቤት ስወጣ፣ አንቺንም ካገኘሁሽ ላዋርድሽ ነበር» አለቻት።

«አውቃለሁ እትዬ።»

«እንግዲህ ነይ፣ ቤት አድርሺኝ። ብቻዬን በሩን መክፈት አልችልም።»

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ሚስቱም ክንዷን ይዛት ደረጃውን መውረድ ጀመሩ።