የረዳት ጥርስ

«እዚህ ቤት የሞተ ነገር አለ!»

ደንበኛው ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደለበሰ ከወንበሩ ብድግ አለ። ፀጉር አስተካካዩ መላጫውን አየር ላይ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ወለሉን ትጠርግ የነበረችው ልጁም መጥረጊያዋን አቆመች። ሰውየው ለሰፈሩ እንግዳ ነው፤ ምን እንደተናገረ አያውቅም። አፍንጫውን በፎጣ ጨብጦ ወደ ወንበሩ ስር አጎነበሰና፣ «ኧረ ውሻ ነው! ይሄ ሁሉ ከአፉ ነው?» አለ።

«ከአፉ ነው፤» አለችው ልጅቷ። «የእርስዎም ቢሆን ጠዋት ጠዋት ሽቶ ሽቶ አይልም ይሆናል።»

«አፍሽን ያዢ!» አለ አባቷ።

ትምህርት ቤት «ምላጭ» የሚሏት በከንቱ አይደለም። አባቷ ቆዳ ሳይነካ ይላጫል፤ እሷ ግን ሳትነካ አታልፍም። የዛሬው ደንበኛ ግን ከሷ በላይ ቆርጧል፣ ያውም ሳያውቀው።

ውሻው ረዳት ይባላል። ስሙን ያወጣለት የምላጭ ታላቅ ወንድም ነው። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ውሻውን ከጎኑ አስቀምጦ ሲነዳ ያየ ሁሉ፣ «ረዳትህ ጎማ መቀየር ይችላል?» እያለ ይቀልድበት ነበር። መኪናው ከድልድይ የወደቀ ዕለት ረዳት እግሩን አሞት ቤት ቀርቶ ነበር። ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው። ከፀጉር ቤቱ ኋላ፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው የወንድሟ ክፍል እንደተዘጋ ነው። ማንም አይከፍተውም፤ በፊት ለፊቱ የሚያልፍ ሁሉ ግን በእግር ጣቱ ነው የሚራመደው፣ ውስጥ የተኛ ሰው እንዳይነቃ ይመስል። ረዳት ከወንበሩ ስር ሲባረር የሚሄደው እዚያ በር ስር ነው። ሽታውም አብሮት ይሄዳል። አንዳንዴ ምላጭ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሻውን ትረሳውና ሽታው በበሩ ስንጥቅ የሚወጣ ይመስላታል። ያን ጊዜ ትንፋሿን ይዛ ታልፋለች።

ደንበኛው ግማሽ ፂሙን ተሸክሞ ከወጣ በኋላ አባቷ መስታወቱን መወልወል ጀመረ። መስታወቱ ንጹሕ ነበር።

«እሁድ ጡብ ፋብሪካ እወስደዋለሁ። ዘበኛው ውሻ ይፈልጋል።»

«በሰንሰለት ሊያስረው?»

«ውሻ ነው እንግዲህ። ምን ያድርገው፣ አልጋ ያንጥፍለት?»

«አባዬ፣ የሱ ውሻ ነው።»

አባቷ መስታወቱን መወልወሉን ቀጠለ።

ምላጭ ያላደረገችው የለም። ናና ቀቅላ በውሃው ላይ ጨመረችለት፤ አሽትቶ ትቶት ሄደ። ከንፈሩን ልትገልጥ ስትሞክር ጉሮሮው ውስጥ የሆነ ነገር ተንከባለለ፤ ነክሷት አያውቅም፣ ግን እጇን ሰበሰበች። አፉን የሚያስነካው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ወንድሟ ማታ ማታ ጣቱ ላይ ጨርቅ ይጠቀልልና፣ ያፏጭለትና፣ «ሳቅ እስቲ!» ይለዋል። ረዳት ከንፈሩን ወደ ላይ ሰብስቦ ጥርሱን እስከ መንጋጋው ያሳያል፤ እውነትም ሲስቅ ነው የሚመስለው። መንገድ ላይ ባደረ ጊዜ ደግሞ ድምፁን ቀድቶ በእህቱ ስልክ ይልክለታል። እሷ ስልኩን ለውሻው ጆሮ ታስጠጋለች፤ ውሻው ይስቃል፤ እሷ ታጸዳለች። ከዚያች ዕለት ወዲህ ግን ያንን ቃል በዚህ ቤት ያነሳ የለም። ጥርሱንም ያጸዳ የለም።

ከሰዓት ጓደኛዋን አስከትላ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ወሰደችው። ጓደኛዋ «ሬዲዮ» ትባላለች፤ ካልተኛች አትዘጋም። ሐኪሟ እጅጌዋን ሰብስባ ብትታገልም ረዳት መንጋጋውን እንደ ካዝና ቆለፈ።

«ምን ሞከርሽለት?» አለች ሐኪሟ፣ ላቧን እየጠረገች።

«ናና።»

«ያው አሁን ናና ናና፣ መግል መግል ይሸታል ማለት ነው። የሰው የጥርስ ሳሙናም እንዳትሞክሪ፤ እኛ እንተፋዋለን፣ እሱ ግን ይውጠዋል፣ ይመርዘዋል። እህቴ፣ ሽታውን ተዪው። ሽታው ወሬ ነጋሪ ነው። ‹በሽታ› ውስጥ ‹ሽታ› መኖሩን አላየሽም?»

ሬዲዮ ሳቀች። ሐኪሟ ግን አልሳቀችም።

«አርጅቷል። ሳላየው ማደንዘዣ ልወጋው አልደፍርም። ማን ነበር አፉን የሚያስከፍተው?»

«ወንድሜ።»

«እና አምጪዋ ወንድምሽን!»

ሬዲዮ እንኳ ወለሉን አየች። ሐኪሟ የሁለቱን ፊት አይታ ገባት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቤቱ ሲረጋጋ ሞክሪው። ከከፈተልሽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤» አለች።

መንገድ ላይ ሬዲዮ ተከፈተች። «ድምፁ ስልክሽ ላይ አለ አይደል?»

«አንቺ ሰው ነሽ?»

«እንዴ! ድምፅ ነው እንጂ መንፈስ አይደለም። በናትሽ፣ ውሻው እኮ በሰንሰለት ሊታሰር ነው።»

ምላጭ የረዳትን ማሰሪያ እጇ ላይ ጠቀለለች።

ሐሙስ ዕለት ሰማዩ ጠቁሮ፣ ሳይመሽ ኮሪደሩ ጨልሞ ነበር። አባቷ ከፊት ለፊቱ ክፍል መቀስ ያንቀጫቅጫል። እናቷ እንደ ወትሮዋ ክፍሏን ዘግታ ተኝታለች። ምላጭ ረዳት ፊት ተንበረከከች። የውሻው ጆሮ ደክሟል፤ የስልኩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

መጀመሪያ የሞተር ጉርምርምታ ተሰማ። ከዚያ ፉጨት። ከዚያ፣ እዚያው ኮሪደር ውስጥ የቆመ ያህል፣

«ሳቅ እስቲ!»

ፀጉሯ ቆመ። ረዳት ግን ሳቀ። ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ድዱ እንደ ጥሬ ጉበት ጠቁሯል፤ ከኋላ አንዱ መንጋጋ ተሰንጥቆ ዙሪያው መግል ቋጥሯል። ፎቶ አነሳች። ውሻው ሳቁን እንደያዘ ጠበቀ። ጣት አልመጣለትም። ስልኩን አሸተተ፤ ከስልኩ ጀርባ ፈለገ፤ ቀጥሎ ወደ ተዘጋው በር ዞሮ በጥፍሩ ይቧጭር ጀመር።

የእናቷ በር ተከፈተ።

«ሰማሽ?» አለች እናቷ። ባዶ እግሯን ነበረች። «ሰማሽው አይደል? ‹ሳቂ እስቲ› አለኝ።»

ምላጭ ስልኩን ከጀርባዋ ደበቀች። ወንድሟ ሲናገር ቃል ይጠቀልላል፤ «ሳቅ እስቲ» ከሱ አፍ ሲወጣ «ሳቂስቲ» ነው። በተዘጋ በር በኩል ለሰማች እናት ደግሞ ሌላ ነገር ሊሆን አይችልም።

«ውሻውም ሰምቶታል፤ እዪው! ልጄ መጥቶ ነበር። ሳቂ አለኝ።»

ምላጭ ስልኩን ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

እናቷ ያን ማታ ከነሱ ጋር በላች። አባቷ ሳህኗን እያየ ራሱ መብላት ረሳ። በማግስቱ ግን ወንበር አውጥታ ከተዘጋው በር ፊት ተቀመጠችና ሳቀች። ሃ፣ ሃ፣ ሃ። ውሃው ሄዶ አየር ብቻ የሚተፋ ቧንቧ ይመስል ነበር። ትስቃለች፤ ትቆማለች፤ ጆሮዋን ወደ በሩ ታዘነብላለች፤ እንደገና ትስቃለች። ከፊት ለፊቱ ክፍል ያሉ ደንበኞች አንገታቸውን ወደ ትከሻቸው ይቀብራሉ። ረዳት እግሯ ሥር ተጋድሞ ለሃጩን ያንጠባጥባል፤ ለሃጩ ውስጥ የደም ክር አለ።

ሐኪሟ ፎቶውን አይታ ወዲያው ደወለች። «ዛሬ ነገ አትበሉ። መነቀል አለበት። መግሉ ከድዱ ወደ ደሙ ከገባ ልቡን ነው የሚይዘው። ቅዳሜ ጠዋት አምጪው።»

ምላጭ ማሰሪያውን ይዛ ብትመጣ እናቷ እግሮቿን ኮሪደሩ ላይ ዘረጋች። «ረዳትን ከዚህ ማንም አያንቀሳቅሰውም። ወንድምሽ ሲመጣ ቢያጣውስ?»

አባቷን ጓሮ አገኘችው፤ ፎጣ ያሰጣል።

«አባዬ፣ ያ ድምፅ እኮ...»

«አውቃለሁ።» ፎጣውን ጨመቀው፣ ከዚያ ደግሞ ጨመቀው። «የልጄ ድምፅ ይጠፋኛል? ሞተሩ ከኋላው ይሰማ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካትም?»

«በላች። ዓመት ሙሉ በልመና የምትቀምስ ሴት ሳህኗን ባዶ አድርጋ መለሰችው። ውሻውም ይቆይ፣ እሁድ የትም አልወስደውም። አንቺ ብቻ ዝም በይ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ረዳትም አፉን ዘግቶ ነው የከረመው፤» አለች ምላጭ። «ምን እንደገባበት ላሳይህ?» ስልኩን ፊቱ ላይ ያዘችለት።

አባቷ ፎቶውን አየ። ቀና ሳይል፣ «እኔ አልችልም፤» አለ። «ለሷ እኔ አልነግራትም።»

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ፀጉሯን አበጥራ ነበር። ከንፈሯንም ቀብታለች፤ ቀለሙ ያረጀ ስለነበር ተሰነጣጥቋል። ምላጭን ስታይ ወለሉን በመዳፏ ደብደብ አደረገች።

«ነይ ቁጭ በይ። ለብቻዬ ስስቅ አይሰማው ይሆናል። ሁለት ብንሆን ሳይሻል አይቀርም። ሳቂ።»

ምላጭ ተቀመጠች። በውሻው አፍና በእናቷ ዓይን መሃል ተቀመጠች። ረዳት ሌሊቱን ምንም አልበላም። እውነቱን ከተናገረች እናቷ ተመልሳ ትተኛለች፣ አባቷም ውሻውን ተመልሶ ለዘበኛው ይሰጥ ይሆናል። ካልተናገረች ረዳት እዚሁ በር ሥር፣ በክብር፣ ይሞታል።

«ሳቂ እንጂ፣ ልጄ።»

ሞከረች። ሃ፣ ሃ። የወጣው ድምፅ የሷ አልነበረም፤ የእናቷ ነበር፣ ቁርጥ ያው ደረቅ ቧንቧ። ደነገጠች። እንዲህ ሆነው፣ ሁለቱም በሩ ፊት ተቀምጠው፣ ለሚመጣው ዓመትም ለቀጣዩም ሲስቁ ታያት።

«እማዬ፣» አለች። «‹ሳቂ› አላለም።»

«ምን?»

«‹ሳቅ› ነው ያለው። ለረዳት ነው። ጥርሱን ሲያጸዳለት የሚለው፣ ረሳሽው?»

ስልኩን አውጥታ እናቷ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። ሌላ ነገር ልትጨምር ብላ ተወችው። እናቷ ስልኩን ትኩስ ነገር እንደያዘ ሰው ትመለከተው ጀመር። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ሌላ አለ?» አለች በመጨረሻ።

«አለ። ብዙ ነው። ሁሉም ለረዳት ነው።»

«ለኔ የላከው የለም?»

ምላጭ ውሸት ምላሷ ጫፍ ላይ መጣላት፤ ጣፋጭ ውሸት፣ ናና ናና የሚል። ዋጠችው።

«የለም። ላንቺ እኮ ይደውልልሽ ነበር።»

እናቷ አንገቷን ነቀነቀች፣ ቀስ ብላ፣ የረሳችውን አድራሻ እንደነገሯት ሰው። ዓይኗ ወደ ውሻው ወረደ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ይመስል ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ነካች።

«ይሸታል፤» አለች።

«ያመዋል፣ እማዬ።»

እናቷ ውሰጂውም አላለች፣ ተዪውም አላለች። ኮሪደሩ ላይ የተዘረጉ እግሮቿን ግን ሰበሰበች።

ምላጭ ማሰሪያውን አንገቱ ላይ አጠለቀች። ረዳት በሁለት ሙከራ ተነሳ። ከፊት ለፊቱ ክፍል ሲደርሱ አባቷ በመስታወት አያቸው፤ ዞሮ አልጠየቀም። መቀሱን አስቀመጠ፣ ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው፣ «መጣሁ፤» አለውና ወደ ኮሪደሩ ገባ።

ውጭ ሬዲዮ እየጠበቀች ነበር። ሦስቱም በውሻው እርምጃ መንገዱን ያዙ። ጥግ ሊዞሩ ሲሉ ከቤቱ መስኮት፣ ጎላ ብሎ፣ የሞተር ጉርምርምታ ተሰማ። ከዚያ ፉጨት።

ረዳት ቆመ። ጆሮው ተነሳ፤ አንገቱ ወደ ቤት ዞረ።

ሬዲዮ፣ «ጎትቺው፣ እንዳይመለስ፤» ብላ አንሾካሾከች።

ምላጭ አልጎተተችውም። ማሰሪያውን አላላችለትና፣ አዳምጦ እስኪጨርስ ድረስ አብራው ቆመች።