የጥሎሽ ዲስክ

ማርስ ላይ በተቆረቆረችው በቀይ ዳር ከተማ፣ ጳጉሜ ሲገባ ሰው ሁሉ ገላውን ይታጠባል፤ የልብ-ዲስኩንም የይለፍ ሐረግ ይቀይራል። ልብ-ዲስክ ከጆሮ ጀርባ የምትቀበር፣ የሰውን ትዝታና ሐሳብ መስጥራ የምታስቀምጥ ሚጢጢ ዕቃ ናት። ሐረጉን ያላወቀ አይከፍታትም ይባላል፤ መባሉስ ይባላል።

ስንዱ ዘንድሮ አዲሱን ሐረጓን ብትሰጣት ብትሰጣት ዲስኳ እምቢ አለች። ቢቸግራት ዲስክ ጠጋኝ ጓደኛዋ ምንትዋብ ዘንድ ሄደች። ምንትዋብ መመርመሪያውን ከጆሮዋ ጀርባ ለጥፋ ስክሪኑን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«ስንድዬ፣ ይቺን ዲስክ ማን ሰጠሽ?»

«ባሌ ነዋ! የጥሎሼ ናት። ሽማግሌዎቹ ፊት ከቀሚሱና ከወርቁ ጋር ስትታይ እልል ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ። ግን ለአንቺ ከመምጣቷ በፊት ሌላ ሐረግ ተሞልቶባታል። በሁለቱም ትከፈታለች። አንቺ በየዓመቱ የምትቀይሪው የራስሽን ብቻ ነው። ዛሬ እምቢ ያለችሽ በዚያኛው ሐረግ ገብቶ የሚያነብ ሰው ስላለ ነው።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ስንዱ መጀመሪያ ሳቀች። በሩን ቆልፋ ሌባውን ውስጥ ስታሳድር ኖራለች! ከዚያ አንድ በአንድ መጣባት። የእናቷን መርዶ የሰማች ዕለት፣ ለማንም ሳትናገር፣ ባሏ ይትባረክ ሥራውን ጥሎ ከተፍ ያለው። ለመጠየቅ ያፈረችውን ነገር ገዝቶ የሚገባው። «ይትባረክ እኮ ዓይኔን አይቶ ልቤን ያውቃል» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ ስታወራ ነበር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ!

«አጥፊልኝ።»

«መጀመሪያ አናግሪው እንጂ…»

«አጥፊው አልኩሽ!»

ምንትዋብ የይትባረክን ሐረግ አጠፋችው።

ስንዱ ቤት ስትገባ ይትባረክ ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። ሲያነብ ድንገት ተዘግቶበታል፤ እሷ ትዝጋው ዲስኳ ትበላሽ ግን አላወቀም። ቀረብ ብሎ፣ ፊደል እንዳልቆጠረ ሰው ፊቷን አየ፣ አየ፣ ምንም አላገኘበትም።

«ስንዱ… ምን ሆነሻል?»

ከተጋቡ ወዲህ ይህን ሲጠይቃት የመጀመሪያው ነው።

«ምንም» አለችው።

እውነቷን ይሁን ውሸቷን የሚያውቅበት መንገድ አጣና እዚያው ቆሞ ቀረ። ሰው ሁሉ ከሚወደው ሰው ጋር የሚኖረው እንዲሁ ነው፤ እሱ ግን ገና ዛሬ መጀመሩ ነው።