ሮዙ ቀለም እምቢ ያለ ሰሞን

«ትከሻዎን ቀና ያድርጉ። አገጭዎን ትንሽ ዝቅ... እንደሱ!»

ሰውየው ያልኩትን ሁሉ አደረገ። በርጩማው ላይ ቀጥ ብሎ፣ ቦርሳውን ጭኑ ላይ እንዳቀፈ፣ ካሜራዬን በፍርሃት አየው። ሁለት ጊዜ አነሳሁት።

«ስንት ጉርድ ይፈልጋሉ? አራት ወይስ ስምንት?»

«እኔ እንኳ...» አለ ጉሮሮውን እየጠረገ፣ «ፕሪንተሩን ልጠግን ነበር የመጣሁት።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ!

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ቀና ይበሉ ሲሉኝ ቀና አልኩ። ቆጣ ያሉ መስሎኝ... ፈራሁ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ከስንት ወር በኋላ እንደሆነ እንጃ።

ፎቶ ቤቱ የአባቴ ነው፤ እኛ ፎቁ ላይ እንኖራለን፣ ሥራው ምድር ቤት ነው። አባቴ አርባ ዓመት ሰው ሲያነሳ ስለኖረ የሰፈሩ ሰው ስሙን ረስቶ «ጋሼ ፎቶ» ይለዋል። እኔም የጋሼ ፎቶ ልጅ ነኝ። ያን ሰሞን ግን ቤቱ ለአምስት ወር ያህል ሥራ ፈትቶ ነበር። አባቴ ዓይኑን ታሞ፣ እኔ እሱን ይዤ ከሐኪም ሐኪም ስዞር ነው የከረምኩት። በሽታው የሚያየውን ነገር ከመሃሉ እያጠቆረ ዳር ዳሩን ብቻ ይተውለታል። ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርታኝ፣ «ዳሩም መደብዘዙ አይቀርም። እንዲያይ የምትፈልጊው ነገር ካለ ቶሎ አሳዪው። ትልቅ ትልቁን» አለችኝ።

ምን ማየት እንደሚፈልግ ስጠይቀው ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደም።

«እናትሽን» አለ። «ያቺን መስኮቱ አጠገብ ሆና ያነሳኋትን። በግድግዳው ልክ አድርገሽ አውጪልኝ።»

እናቴ ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

አልጋ የሚያክለው ትልቁ ፕሪንተራችን ግን ሳይሠራ ቆሞ ቀለሙ ውስጡ ደርቋል። ፎቶውን ሳወጣው የእናቴ ፊት አረንጓዴ ሆኖ፣ ነጫጭ መስመር ተሰምሮበት ወጣ። ዳግመኛ የታመመች መሰለኝ። ደንግጬ ማሽኑ ራሱን እንዲያጸዳ ደጋግሜ አዘዝኩት። ጭራሽ ባሰበት።

«ስንት ጊዜ አጸዱት?» አለኝ ጠጋኙ።

«አስራ አንድ።»

የታመመው እሱ ይመስል ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ የመሞከሪያ ወረቀት አወጣ። እያንዳንዱ ቀለም ቀጫጭን መስመር ይሠራበታል፤ ያልተሠራው መስመር የተደፈነውን ቀዳዳ ይናገራል። ቢጫው ቁርጥ ቁርጥ ብሏል። ሰማያዊው ግማሹ የለም። የሮዙ ቦታ ባዶ ወረቀት ነው።

«ቀለሙን የሚረጨው ይሄ ነው፤ ሄድ እንለዋለን» አለ፣ ጣቱን ሳያስነካ እያሳየኝ። «ቀዳዳዎቹ ከፀጉር ይቀጥናሉ። ያለ ሮዝ ደግሞ የሰው ፊት ፊት አይሆንም።»

«በመርፌ ውሃ ገፋ ቢያደርጉበትስ?»

«በጉልበት ከሆነ ውስጡ ይቀደዳል። ነክሮ መጠበቅ ነው የሚያዋጣው። ቀናት ይፈልጋል።»

«ቀን የለኝም!» ብዬ ጮህኩ። ወዲያው አፈርኩ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ሁሉንም ነገርኩት... የአባቴን ዓይን፣ የእናቴን ፎቶ።

ጥግ ላይ ወደ ተቀመጠው አባቴ ዞር ብሎ አየና፣ «በየቀኑ እመጣለሁ» አለ።

በየቀኑ መጣ። ክር የማይለቅ ጨርቅ በማጽጃ ፈሳሽ አርሶ ከሄዱ ሥር ያነጥፍና ይጠብቃል። የሄዱን ሥር የሚጠርገውን ላስቲክ እንደ ሕፃን ጥርስ በለስላሳ ጥጥ ያጸዳል። ክፍሉ አየሩ ደርቋል ብሎ ሰፊ ሳህን ውሃ ሞልቶ አስቀመጠ። ሲጠብቅ ከአባቴ ጋር ያወራል። አባቴ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ መጥቶ ያስነጠሰውን ዳኛ ታሪክ ሦስት ጊዜ ነገረው። ሦስቴም ሳቀ።

«ስንት ጊዜ ሰማኸው?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«በየጊዜው ያሳምሩታል እኮ!»

ያኔ አንተ ማለቴን እንኳ አላስተዋልኩም። እሱ ግን አንቱታውን አልተወም ነበር።

«በአንቺ ጥራኝ በቃ» አልኩት በሦስተኛው ቀን። «አሮጊት አታድርገኝ።»

ጨርቁን ጨመቀና «እሺ... አንቺ» አለ። ጆሮው ቀላ። እኔም የተወለወለውን ጠረጴዛ መልሼ ወለወልኩ።

እናቱን ስምንት ዓመት እንዳስታመመ፣ ትዳርም ሳይዝ እንደቀረ የነገረኝ ያን ቀን ነው። ሲነግረኝ አላማረረም። ቢጫው ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። ሰማያዊውም ተመለሰ። ሮዙ ብቻ እምቢ አለ።

በአራተኛው ቀን ለአባቴ መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ከሰዓት በኋላ ስመለስ ማሽኑ ተከፍቶ አገኘሁት። ሄዱ የለም። ጠጋኙም የለም። ስልኩ ተዘግቷል። ታላቅ ወንድሜ አባታችንን ሊጠይቅ መጥቶ ስለነበር እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ማሽኑን ዞረው።

«ሄዱም ሄደ፣ ሰውየውም ሄደ!» አለ። «ከማሽኑ ሁሉ ውዱን ነቅሎልሽ ላጥ ብሏል። አንቺ ደግሞ ስትሽኮረመሚ...»

«አባዬ፣ ምን ብሎ ሄደ?» አልኩ።

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። «እንጃ... ወጣ» አለ።

ቁጭ ብዬ መልእክት ጻፍኩለት። «አምኜ ቤቴን ከፈትኩልህ። ከታመመ ሽማግሌ ጋር እየሳቅህ የምትሰርቅበትን ሰዓት ስትጠብቅ ኖሯል! የወሰድከውን መልስ። ዳግመኛ ዓይንህን ማየት አልፈልግም።»

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ጠራኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የታጠፈ ወረቀት በሁለት እጁ ይዟል።

«ልጁ ነው የሰጠኝ» አለ። «ያንብቡትና ይስጧት አለኝ። ያነበብኩ መስዬ ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ።»

«አባዬ... ማንበብ አትችልም?»

«ሁለት ወር ሆነኝ።»

ሁለት ወር! ጋዜጣ እየገለጠ «አገሩ ተበላሽቷል» ሲለኝ የከረመ አባቴ። ያኮረፈኝ ሲመስለኝ የነበረው፣ ወደ ጎን ዞሮ የሚያየኝ፣ ለካ እኔን በዳር ዓይኑ እየፈለገኝ ነው።

«ምን እንደሚል አላውቅም» አለ። «ወንድምሽ ሲጮህ ልናገር ነበር። አፌ ተያዘብኝ። አፈርኩ ልጄ... አርባ ዓመት በዓይኔ በልቼ።»

አቅፌው አለቀስኩ። ወረቀቱን የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው።

«ሮዙ እዚህ አልከፈት ስላለኝ ሄዱን ወደ ሱቄ ወስጄዋለሁ፤ እዚያ ለብ ባለ ፈሳሽ ተነክሮ ያድራል። ነገ አምስት ሰዓት እመልሰዋለሁ። ስሠራ ስልኬን አጠፋለሁ፣ አታስቢ። አባትሽ ያዩታል።»

ልክ በአምስት ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ሄዱን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ በሁለት እጁ ይዞታል።

«እንደምን አደሩ» አለኝ።

አደሩ! ከስድብ ይልቅ ያቺ አንቱታ አንገቴን አስደፋችኝ።

«መልእክቱን... አንብበኸዋል?»

«አንብቤዋለሁ። ሥራውን እንጨርስ።»

ሄዱን ቦታው መለሰና አንድ ጊዜ ብቻ አጸዳው። የመሞከሪያው ወረቀት ወጣ። ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር... ሮዝም! አንድም መስመር አልጎደለም። ትንፋሹን ለቀቀ፤ ወደኔ ግን አላየም።

የእናቴ ፎቶ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። መጀመሪያ የመስኮቱ ጫፍ፣ ከዚያ ፀጉሯ፣ ግንባሯ፣ ከዚያ እንደ ድሮው ሞቅ ያለው ጉንጯ። ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። አባቴ ፊት ለፊቱ ቆሞ ዓይኑን ከፎቶው ውጭ፣ ባዶ ግድግዳ ላይ ተከለ። እናቴን የሚያያት እንደዚያ ሲሆን ነው።

ብዙ ቆየ።

«አንድ ጉትቻ ብቻ ነው ያደረገችው» አለ በመጨረሻ። «የሌላውን ጆሮዋን ረስታዋለች! ሠላሳ ዓመት ሙሉ በትንሹ ሳየው አላስተዋልኩም... እኔም አልነገርኳት።»

እጁን ዘርግቶ ግድግዳውን ተደገፈ። ጠጋኙ ወንበር አቅርቦለት፣ ዕቃውን ሰብስቦ፣ ድምፅ ሳያሰማ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ሱቁ ሄድኩ። የተበላሹ ማሽኖች እስከ ጣሪያ የተደረደሩባት ጠባብ ክፍል ናት። ሲያየኝ ቆመ።

«ይቅርታ ልልህ ነው የመጣሁት። ወረቀትህ ጠዋት ነው እጄ የገባው። አባዬ...»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«መልእክቱን ሳነብ ነው የገባኝ። ወረቀቱን ስሰጣቸው ገልብጠው ነበር የያዙት። እኔ ሞኙ፣ ያኔ ልብ አላልኩም።»

«ታዲያ ስትመጣ ለምን አልነገርከኝም? እንደዚያ ሰድቤህ!»

«እሳቸው ካልነገሩሽ እኔ የሳቸውን ገመና ልግለጥ?»

ማልቀስ ብቻ ቀናኝ።

«አታልቅሺ» አለ። «ተቀይሜሻለሁ፣ አልዋሽሽም። ሌባ መባሉን እችለዋለሁ። ከጋሼ ጋር የሳቅኩትን ግን... እሱን እውነት አይደለም ማለትሽ አመመኝ።»

«በምን ልካስህ?»

«ምንም። ጊዜ ስጪኝ።»

ሰጠሁት። ማሽን ሳይሠራ ከቆመ ይደርቃል እያለ በየማክሰኞው እየመጣ ሁሉም ቀለም ያለበት አንድ ወረቀት ያወጣ ነበር። መጀመሪያ ሰላምታ ብቻ። ቀጥሎ ሻይ። በሁለተኛው ወር የዳኛውን ታሪክ አባቴን ራሱ ጠይቆ አስደገመው። ያን ቀን ወጥ ቤት ገብቼ በደስታ አለቀስኩ። የአባቴ ዓይን ግን እየከዳው ሄደ፤ አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው።

ከአራት ወር በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጠጋኙ ሸሚዙን ተኩሶ መጣ።

«ዛሬ ዕቃህ አይንኳኳም» አለ አባቴ። «ቦርሳህስ?»

«ለማሽኑ አይደለም የመጣሁት ጋሼ። ልጅዎን... ልጅዎን እንዲሰጡኝ ልለምን ነው።»

ከቆምኩበት ደረቅሁ።

«እኔ ፊትህን አይቼው አላውቅም» አለ አባቴ። «አንተ ስትመጣ የሰው ፊት ጠፍቶብኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው በፊቱ የመዘንኩ ሰውዬ፣ ልጄን ለማላውቀው ፊት ልስጥ?» ከዚያ ወደኔ ዞረ። «ነይ እስቲ። ፊቱ ቆመሽ ንገሪኝ። ምን ይመስላል?»

«አባዬ!»

«አትፈሪ። አደራ፣ አታስውቢልኝ።»

ፊቱ ቆምኩ። እንደዚያ ቀርቤ አይቼው አላውቅም።

«ግንባሩ ሰፊ ነው... ሽበት ጀምሮታል። ጆሮዎቹ ትላልቅ ናቸው።»

«እሱን በቶሎ አየሽው!»

«ሲያፍር ይቀላሉ። አሁንም ቀልተዋል። አፍንጫው ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ቆንጆ የሚባል ዓይነት አይደለም አባዬ... ግን በሩን ከፍቶ ሲገባ፣ ቤቱ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ደህና የሆነ ይመስለኛል። ማክሰኞ እስኪደርስ ቀን የምቆጥረው ለዚያ ነው።»

ጠጋኙ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«በቃ» አለ አባቴ። «አየሁት። ይባርካችሁ።»

እጁንም ዘረጋለት። የዘረጋው ግን አጠገቡ ወዳለ ባዶ ወንበር ነበር። ጠጋኙ የአባቴ እጅ ወደተዘረጋበት ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና በሁለት እጁ ጨበጠው።

«እዚህ ነኝ፣ አባዬ» አለ።