ሳሙና የያዘው ቀዳዳ

«መስኮቱን! መስኮቱን ክፈቱለት!»

ቀጮ እየጮኸች ከበሩ አጠገብ ካለው መቀመጫዋ ዘላ ተነሳች፤ ግን አልደረሰችም። ድምቡሼ ምሳውን በሙሉ ከፊቱ ባለው ወንበር ጀርባ ላይ ዘረገፈው። ልጆቹ «ውይ!» «ኤጭ!» እያሉ ጥግ ጥጉን ያዙ። ሚኒባሱን የምትነዳው እናቷ ዳር አስይዛ አቆመችና ዞር ብላ «ደህና ነው?» አለች።

«ቤንዚን ቤንዚን ይሸተኛል» አለ ድምቡሼ፣ እንባና ንፍጡን በእጅጌው እየጠረገ። አንደኛ ክፍል ነው፤ ጉንጩ ሙሉ፣ ወሬው የማያልቅ። ቦታው የኋላ ወንበር ነው፤ ማንም ቢለምነው ከዚያ አይነሳም።

ቀጮ አፉን ጠራርጋለት ወንበሩን በጨርቅ ወለወለች። ቤንዚኑ እሷንም ይሸታት ነበር።

ቤቱ ሲደርሱ እናቱ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ነርስ ናት፤ ልጇን ገና ከሩቁ መረመረችው። «ምን ሆኖ ነው ፊቱ እንዲህ አመድ የመሰለው? መኪናው ውስጥ የሚሸት ነገር አለ እንዴ?»

የቀጮ እናት ልትመልስ አፏን ስትከፍት ቀጮ ቀደመቻት።

«ሲሮጥ ውሎ ነው እትዬ። በዚያ ላይ ከረሜላ በልቷል።»

ውሸቱ እንዲህ በቀላሉ መውጣቱ ራሷን አስደነገጣት። ነርሷ ግን ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። «ተባረኪ። አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠው ነበር?»

ቀጮ በሩን ጎትታ ዘጋች።

ሚኒባሷ ቀጮን በዕድሜ ትበልጣታለች። ልጆቹ «አሮጊቷ» ይሏታል። እናቷ ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ መሥራቷን ትታ የተማሪ ሰርቪስ የጀመረችው በእሷ ነው፤ የቤት ኪራዩም ጉርሳቸውም ከእሷው ይወጣል። በቅርቡ ግን አሮጊቷ የቆመችበት ቦታ ሁሉ እርጥብ ሆኖ መቅረት ጀመረ። የነዳጅ ታንከሯ ተበስቷል። እናቷ ከሥር ገብታ ቀዳዳውን በልብስ ሳሙና ደፈነችው፤ ያዘላት። «ይቺ የእኔና ያንቺ ወሬ ናት፤ እሺ?» ብላ ጠቀሰቻት። ያኔ ቀጮ ስቃ ነበር። ዛሬ ግን ሳቁ የለም።

የዚያን ዓርብ ልጆቹን አድርሰው ሲጨርሱ በቀጥታ ወደ ጋራዥ ሄዱ። መካኒኩ የቆየ ደንበኛቸው ነው፤ ካርቶን አነጠፈና ከመኪናዋ ሥር ተንሸራቶ ገባ። ቀጮ ተንበርክካ የባትሪ መብራት አበራችለት። ሳሙናውን በጥፍሩ ሲፈነቅለው ነዳጁ ጠብ ጠብ አለ። ጣሳ አስጠግቶ ከሥሩ አስቀመጠና የታንከሩን ሆድ በካቻቢቴው እጀታ ቀስ እያለ ኳኳ። አንዱ ጋ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ፤ ቆርቆሮው እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸ።

«እህቴ» አለ እዚያው ሥር ሆኖ፣ «ይሄ ታንከር መሆኑን ረስቷል። ወንፊት ልሁን እያለ ነው።»

«አትቀልድብኝ። ይበየዳል አይበየድም?»

«ይበየዳል። ነዳጁን ቀድቼ፣ አጥቤ አጥቤ፣ ሽታው ድራሹ ሲጠፋ እበይደዋለሁ። ለሰኞ ትነጃታለሽ። ግን ዝገት በልቶታል፤ እዚህ ስደፍነው እዚያ ይቀደዳል። ለእኔማ ጥሩ ነው፤ በየጊዜው ትመጪልኛለሽ።»

«ካልተበየደስ?»

«መቀየር ነዋ። የዚህች መኪና አዲሱ የለም። ከፈረሰች መኪና የወጣ፣ ደህና የሆነ አንድ አውቃለሁ፤ ከሌላ ከተማ ነው የሚመጣው። መጥቶ እስኪገጠም ሳምንት ይፈጃል።»

«ሳምንት! የፈተና ሳምንት እኮ ነው!» እናቷ ቁልፉን እጁ ላይ ጣል አደረገችለት። «በይደው። ነገውኑ ጀምርልኝ።»

ቀጮ ከተንበረከከችበት ቀና አለች። ከታንከሩ በላይ ያለው የኋላ ወንበር ነው። የድምቡሼ ወንበር።

የቆሸሸውን የወንበር ልብስ ይዘው በእግራቸው ወደ ቤት ተመለሱ። ሳፋ ውስጥ አጥበው፣ አንዱን ጫፍ እናት ሌላውን ልጅ ይዘው ሲጨምቁት ቀጮ አላስቻላትም።

«እማ፣ አይበየድ።»

«አልሽ? ደግሞ መቼ ነው መካኒክ የሆንሽው?»

«ሰውየው ራሱ ነገረን እኮ። ሌላ ቦታ ይቀደዳል።»

«እስኪቀደድ ፈተናው ያልፋል።»

«ካላለፈስ? ድምቡሼ የሚቀመጠው እላዩ ላይ ነው!»

እናቷ ጨርቁን ለቀቀችው። «የማላውቅ መሰለሽ? እንቅልፍ የሚወስደኝ መሰለሽ? ሳምንት ብቆም ያ ሌላኛው፣ ነጩ ሰርቪስ ልጆቹን አንድ በአንድ ይለቅምብኛል። ከዚያ በኋላ ታንከር ብቀይር ማንን ልጭንበት? ምን ላድርግ፣ በጀርባዬ አዝዬ ላድርሳቸው?»

«በእግር» አለች ቀጮ፣ ሳታስበው።

«ምን?»

«በእግር እንውሰዳቸው። የሁሉም ቤት እዚሁ መንገድ ላይ ነው። ቀደም ብለን ከወጣን እንደርሳለን። እኔ ከፊት፣ አንቺ ከኋላ።»

ምን እንዳለች የገባት ካለችው በኋላ ነው። የክፍሏ ልጆች ሁልጊዜ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ትልቅ በር በኩል ያለውን አጥር ተደግፈው ይቆማሉ፤ ባለፈ ባገደመው ሁሉ ላይ ሙድ ይይዛሉ። ጫጩት እንደምታስከትል ዶሮ ሕፃናት አስከትላ በፊታቸው ስታልፍ ታያት።

«እናቶቻቸው ለምን ሲሉኝስ?» አለች እናቷ።

«እውነቱን ንገሪያቸው።»

«ለነርሷ እኮ አንቺው ነሽ...» እናቷ ሳትጨርሰው ተወችው።

ቀጮ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። «አዎ፣ እኔ ነኝ። ለእሷ እኔ እነግራታለሁ።»

እናቷ እጇን በቀሚሷ አደረቀችና ልጇን ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ ስልኳን አነሳች። «ወንድሜ፣ እኔ ነኝ። እንዳትበይደው፤ አውርደው። ያንን የምታውቀውን አስመጣልኝ። አዎ፣ ሳምንት። ከሳምንት ብታልፍ ግን እንጣላለን።»

በማግስቱ ቀጮ የነርሷን በር አንኳኳች። በመንገድ ያሰናዳችው ንግግር ሁሉ በሩ ሲከፈት ብን ብሎ ጠፋ።

«እትዬ፣ ትናንት የነገርኩዎት ውሸት ነው። ከረሜላ አልበላም። መኪናዋ ቤንዚን ታፈስ ነበር። አውቅ ነበር።»

«ልጄ ይሄን ሁሉ ጊዜ ቤንዚን ላይ ተቀምጦ ነው ሲመላለስ የነበረው?»

«አዎ።»

«እናትሽስ?»

«እማም ታውቅ ነበር። አሁን መኪናዋ ቆማለች፤ ታንከሯ ይቀየራል። እስከዚያ ልጆቹን በእግር እንወስዳቸዋለን። ከፈቀዱ።»

ነርሷ አልጮኸችም። ብትጮህባት ይሻላት ነበር። «ሂጂ» ብላ ብቻ በሩን ዘጋችው።

የቀሩትን ቤቶች እናቷ ዞረቻቸው። አንዱ አባት «ትንሽ እግራቸውን ያፍታቱ» ብሎ ሳቀ፤ ሌላው ከሰኞ ጀምሮ ልጆቹን ለነጩ ሰርቪስ እንደሚሰጥ በግልጽ ነገራት። ቤት ስትገባ ዝላለች። ጫማዋን እያወለቀች፣ «ቢሆንም ቀለል ብሎኛል» አለች።

ሰኞ ጠዋት መንገዱ ጥግ ቆሙ። ልጆቹ ቦርሳቸውን እያንቀጫቀጩ አንድ ሁለት እያሉ መጡ። ነጩ ሰርቪስ አጠገባቸው ሲያልፍ ሁለት የሚያውቋቸው ፊቶች በመስኮቱ እጃቸውን አውለበለቡ፤ የቀጮ እናትም መልሳ አውለበለበች። የነርሷ በር እንደተዘጋ ነው።

«እንሂድ በቃ፣ ይረፍድብናል» አለች እናቷ።

ገና መራመድ ሲጀምሩ «ቆዩ!» የሚል ድምፅ ሰሙ። ነርሷ ነጭ ጋውኗን በክንዷ አንጠልጥላ፣ ድምቡሼን እየጎተተች ደረሰች። ሰላም አላለችም። የቀጮን እናት እያየች፣ «ታንከሩ ሲገጠም ጥሪኝ። በዓይኔ ሳላይ አላስገባውም» አለች።

«እጠራሻለሁ።»

ከዚያ ወደ ቀጮ ዞረች። «እጁን ያዢው። መንገድ ላይ ይሮጣል።» ይህን ብላ ወደ ሥራዋ ተቻኮለች።

ድምቡሼ መንገዱን ሁሉ ሲያወራ መጣ፤ ስለ ፈተናው፣ ስለ ጎረቤት ውሻ፣ ጫማው ውስጥ ስለገባው ጠጠር። ትምህርት ቤቱ ሊደርሱ ሲሉ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። በስተግራ ማንም የማያይበት ቀጭን መተላለፊያ ነው፤ ወደ ኋላው በር ያወጣል። በስተቀኝ ትልቁ መንገድ ነው። ከአጥሩ ጋ የክፍሏ ልጆች ሳቅ እዚህ ድረስ ይሰማል።

ቀጮ ቆመች። ከኋላዋ ያሉት ልጆችም ተገጫጭተው ቆሙ።

«በየት ነው?» አለ ድምቡሼ።

እጁን ጠበቅ አደረገች።

«በዚህ» አለችና ወደ ትልቁ መንገድ ታጠፈች።