ከሐይቅ የመጡት ደብዳቤዎች

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፤ ጠንቋይ ቤት የሄድኩት በዕድሜዬ አንዴ ነው፣ እሱም ሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ያለው ጠንቋዩ ብቻ ስለነበረ ስልኬን ቻርጅ ላደርግ። ስለዚህ ሽማግሌው ቃዠ አትበለኝ፣ ይህ በጠራራ ፀሐይ፣ ገርጂ ውስጥ፣ ምሳዬን በልቼ የገጠመኝ ነው።

እንድሪስ ገጣሚ ነበር፣ የሥነ ጽሑፍ መጽሔትም ያዘጋጅ ነበር፤ እኔ አራሚው ነበርኩ። አንባቢ ደብዳቤ ባልላከልን ወር የአንባቢያንን ዓምድ የምሞላው እኔው ነኝ፣ አንዴ የሐዋሳ መምህር፣ አንዴ የድሬዳዋ ነርስ እየሆንኩ፤ እሱም ያውቃል፣ አብረን እንስቃለን። አንዷን ብቻ ደበቅሁት። «ሐዋ ነኝ፣ ከሐይቅ» ብዬ፣ ጽሕፈቴን እንዳይለይ በግራ እጄ ጽፌ፣ ደሴ በሚመላለስ ሾፌር እጅ ከዚያው ፖስታ ቤት አስላክሁለት። ወሎዬ አይደል፣ የአገሩ ልጅ ስትጽፍለት ልቡ ጠፋ። አድራሻ ስለማትሰጥ በመጽሔቱ ላይ በግጥም ይመልስላታል፣ እኔ ደግሞ የሱን ግጥም አርሜ ማተሚያ ቤት እልክና ቁጭ ብዬ የሷን መልስ እጽፋለሁ፤ ሥራ ፈት ማለት እኔ! በስድስተኛው ደብዳቤ «ለአረፋ እመጣለሁ» አልኩና ፈራሁ፣ ተውኩት። እሱ ግን ለአረፋ አዲስ ጫማ ገዝቶ ጠበቃት። ሳያገባ ኖሮ አምና ሞተ፤ እኔም አፌን ዘግቼ ቀበርኩት።

ባለፈው የካቲት እህቱ ዘይነባ ደወለች፤ ወረቀቶቹን አንድ ቤተ መጻሕፍት ሊረከብ ነው፣ የማን ጽሕፈት የማን እንደሆነ ከአንቱ በቀር የሚለይ የለም አለችኝ። ከቤቴ ከሳሊተ ምሕረት ተነሥቼ፣ ኢምፔሪያል ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ግማሽ ቀን ሊፈጅብኝ ምንም አልቀረው፣ ገርጂ እሷ ቤት ደረስኩ።

እሷ ሻይ ልታፈላ ወጣች፣ እኔ ብቻዬን ካርቶኑን ከፈትኩ። የሐዋ ደብዳቤዎች በሲባጎ ታስረዋል። ስድስት መሆን ነበረባቸው፣ ሃያ ሦስት ሆኑብኝ። መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ ቆጠርኩ፣ ሃያ ሦስት። ጽሕፈቱ የኔው ግራ እጅ ነው፣ መዳፌ እየዳበሰ ያደበዘዛቸው መስመሮች ሳይቀሩ! ሰባተኛውን አነበብኩት፤ «ለአረፋ መንገድ ላይ ነበርኩ፣ የሚያመጣኝ ሰው ትቶኝ ጠፋ» ይላል። እመነኝ፣ ይህን እኔ አልጻፍኩም። የቀሩትም እኔ ከተውኩት በኋላ ለታተሙ ግጥሞች የተሰጡ መልሶች ናቸው። ከኋላዬ ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ፣ ዞርኩ፣ ማንም የለም፣ መስኮቱም ዝግ ነው፤ እጄን ባይ የግራ መዳፌ ጠርዝ ሰማያዊ ቀለም ነክቶታል፣ እርጥብ።

ዘይነባ ሻዩን ይዛ ገባች።

«አገኟቸው? የመጨረሻ ደብተሩን ለሐዋ ስጡልኝ ብሎ ነው የሞተ። ለቤተ መጻሕፍቱ አልሰጥም፣ ለሷ አስቀምጨዋለሁ።»

ለሌለች ሴት የተቀመጠ የጓደኛዬ የመጨረሻ ግጥም!

«ዘይነባ፣ ሐዋ የምትባል ሴት የለችም። እኔ ነኝ ስጽፍለት የነበርኩት። ቀልድ ነበር። ይቅር በይኝ።»

ሻዩ እስኪደፋ ሳቀች። «አይ አንቱ! በስተርጅናም አይተዉም?»

«በልጆቼ እምላለሁ!»

«ይተዉ፣ ወላሂ፣ በሙት አይቀለድም። ለቅሶው ላይ ከሴቶቹ ጋር ሦስት ቀን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጣ የለም እንዴ! ደብተሩን ግን እንኪ ስላት አልቀበል አለች።»

«ለምን?»

«"መጀመሪያ አራሚውን ላግኘው" አለችኝ። ቤትዎን ነግሬያታለሁ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ብዬ።»

ሻዬን ሳልጠጣ ወጣሁ። ማን ናት ብዬ ስንት ቀን አሰብኩ መሰለህ፣ ፍርሃቱንስ እለምደው ነበር፣ የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው፤ እንድሪስን ይቅርታ ልጠይቀው አልችልም፣ እሷ ብትመጣ ደግሞ ምን እንደምላት አላውቅም። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር የልጅ ልጆቼን «የለም በሏቸው» እላለሁ። ሰባ ስምንት ዓመት ሞላኝ፣ በገዛ ቤቴ የለሁም።